ልጁ ተወለደ፤ የእናቲቱስ ልብ?

በአገራችን አንዲት ሴት በሰላም ስትገላገል እልል ይባላል። ዘመድና ጎረቤት ገንፎውን ሊቀምስ ይሰበሰባል፤ የሚገባው ሁሉ ገና ከደጃፍ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላል። ከዚያ በኋላ ግን ዓይን ሁሉ ወደ ሕፃኑ ይዞራል። ማንን መሰለ? ስንት ኪሎ መዘነ? ስሙስ ማን ተባለ? እየተባለ ይጠየቃል። እናቲቱ ከጭንቁ አምልጣለችና «ዳነች» ተብላ ትተዋለች።

ይህ ጽሑፋችን የሚነሣው «ዳነች» ከሚለው ከዚሁ ቃል ነው። እርግዝናዋ በሰላም ያለፈላት ሴት በእርግጥ ድናለች፤ እግዚአብሔር ይመስገን እንላለን። ነገር ግን በእርግዝናዋ ጊዜ የደም ግፊት የያዛት፣ የስኳር ሕመም የታየባት፣ ወይም ልጇን ያለ ቀኑ የወለደች ሴት ስትገላገል ነገሩ ሁሉ አላበቃም። እንዲህ ያለው እርግዝና ስለ ልቧና ስለ ደም ሥሮቿ የተላከ መልእክት ነው። መልእክቱን በጊዜው ያነበበ ሰው ሊያድናት ይችላል፤ ያላነበበው ግን ከጥቂት ወራት ወይም ከጥቂት ዓመታት በኋላ «ምን ነክቷት ነው?» እያለ ይደነቃል።

እኛ የሥነ ሰብዕ ተማሪዎች ነን እንጂ ሐኪሞች አይደለንም። ስለ ልብ እንድትጽፉ ማን ሥልጣን ሰጣችሁ? የሚለን ቢኖር መልሳችን አጭር ነው። ነገሩ ከመካከላችን በአንዱ ቤት ገብቶ ስላየነው ነው።

የዚህ ባልደረባችን ታላቅ እህት የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ሳለ በሰባተኛው ወር ፊቷና እጇ አበጠ። ጎረቤቶች «እርግዝናው ተስማምቷታል፤ ወዝ ነው» አሉ። ራስ ምታቱ ሲበረታባት ወደ ሐኪም ቤት ተወሰደች፤ ደሟ ሲለካ 170 በ110 ሆኖ ተገኘ። ልጁ ያለ ቀኑ እንዲወለድ ተደረገ፤ በሐኪሞቹ ትጋት እናትም ልጅም ተረፉ። ስትወጣ ስለ ልጁ አመጋገብና ስለ ክትባቱ ቀን ብዙ ምክር ተሰጣት። ስለ ራሷ ግን «ተመልሰሽ ደምሽን አስለኪ» ያላት ሰው አልነበረም።

ሁለት ወር እንዳለፈ ትንሽ ዳገት መውጣት አቃታት። ሌሊት ጋደም ስትል ትንፋሽ ያጥራት ጀመር፤ መጀመሪያ በሁለት ትራስ፣ ቀጥሎ በሦስት፣ በመጨረሻም ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ ብላ ማደር ያዘች። እናቷ «አራስ ሆና ብርድ መትቷት ነው» አሉ። አማቷ ደግሞ «ማጥባት እኮ ያደክማል፤ እኛም አሳልፈነዋል» አሉ። ሁለቱም የሚወዷት ናቸው፤ ሁለቱም ግን ተሳስተው ነበር። ሕመሟን የደረሰባት ሰው የተገኘው ሕፃኑን የሦስት ወር ተኩሉን ክትባት ልታስወጋ በወሰደችበት ቀን ነው። ነርሷ ልጁን ወግታ ካርዱን ስትሞላ እናቲቱን ቀና ብላ አየቻት። አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ሳለ እንደ ሯጭ ትተነፍሳለች። «እህቴ፣ አንቺስ ምን ሆነሻል?» ብላ ጠየቀቻት። ይህች አንዲት ጥያቄ ሕይወቷን አተረፈች።

ልቧ ደክሞ ነበር። ዛሬ መድኃኒቷን እየወሰደች፣ ልጇንም እያሳደገች ትኖራለች። እኛም ከዚያ ወዲህ መጻሕፍትን አገላበጥን፣ የሕክምና ተማሪ የሆኑ ጓደኞቻችንንም ጠየቅን። ያገኘነውን ለአንባቢያን እናካፍላለን።

እርግዝና ለልብ ምን ማለት ነው?

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት በጤናማ እርግዝና ጊዜ የሚሆነውን አስቀድመን እንይ። አንዲት ሴት ስታረግዝ በሰውነቷ ውስጥ የሚዘዋወረው ደም ወደ ግማሽ በሚጠጋ መጠን ይጨምራል። ልቧ በየደቂቃው የሚረጨው ደምም ከሲሶ እስከ ግማሽ ያህል ከፍ ይላል፤ የልብ ትርታዋም ይፈጥናል። ይህ ሸክም ለወራት ሌትም ቀንም አይወርድም። በምጥ ጊዜ ደግሞ ይብስበታል።

ከሐዋሳ መንገዶች በአንዱ ሜዳ ለሜዳ የሚሮጥ ባጃጅ ሞተሩ ደካማ መሆኑ አይታወቅበትም። ሦስት ሰው ጭኖ ወደ ታቦር ተራራ ግርጌ አቀበቱን ሲጀምር ግን ያንገራግራል። እርግዝናም ለልብና ለደም ሥር እንደዚያ አቀበት ነው። ብርቱው ይወጣዋል፤ የተደበቀ ድካም ያለበት ግን በዚያ ይገለጣል። ስለዚህ ሐኪሞች እርግዝና የሴትን ልብ የሚፈትን ተፈጥሯዊ ፈተና ነው ይላሉ። ፈተናውን በችግር ያለፈችውን ሴት «አለፈች» ብሎ ብቻ ማሰናበት ታዲያ ተገቢ አይደለም።

ጉዳቱ በሦስት መንገድ ሊመጣ ይችላል፤ አንደኛው በደም ሥር፣ ሁለተኛው በልብ ጡንቻ፣ ሦስተኛው በልብ በሮች በኩል ነው። እያንዳንዱን በየተራ እንመልከት።

አንደኛ፤ የደም ሥር

ፕሪኤክላምፕሲያ የሚባለው ሕመም ከእርግዝና 20ኛ ሳምንት በኋላ የሚመጣ የደም ግፊት ነው። ግፊቱ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል፤ ብዙውን ጊዜም በሽንት ውስጥ ፕሮቲን ይገኛል። 160 በ110 ከደረሰ አስቸኳይ ነው። ሳይታከም ቀርቶ ሴቲቱን የሚያንፈራግጣት ሲሆን ኤክላምፕሲያ ይባላል። በገጠሩም በከተማውም ይህን መንፈራገጥ የሚጥል በሽታ ወይም የመንፈስ ልክፍት ነው ብለው የሚያስቡ አሉ፤ በዚህም ምክንያት ውድ ሰዓታት ይባክናሉ።

የሕመሙ ምንጭ የእንግዴ ልጁ ነው። በጤናማ እርግዝና ወደ እንግዴ ልጁ ደም የሚያደርሱት የማሕፀን ሥሮች ይሰፋሉ። በዚህ ሕመም ጊዜ ግን በሚገባ ሳይሰፉ ይቀራሉ። ደም ያነሰው የእንግዴ ልጅ ወደ እናቲቱ ደም የሚለቃቸው ነገሮች የደም ሥሮቿን የውስጥ ሽፋን ይጎዳሉ። ግፊቱ የሚጨምረው፣ ኩላሊት ፕሮቲን የሚያፈስሰው፣ ፊትና እጅ የሚያብጠው ከዚህ የተነሣ ነው። ለዚህም ነው ሐኪሞች «መፍትሔው መውለድ ነው» ሲሉ የኖሩት።

ይህ አባባል ግማሽ እውነት ነው። የእንግዴ ልጁ ሲወጣ ምንጩ ይደርቃል፤ የተጎዳው ሥር ግን በዚያው ቀን አይጠገንም። እንዲያውም የደም ግፊት ከወሊድ በኋላ ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ቀን ባለው ጊዜ ከፍ ሊል ይችላል፤ ይህም አብዛኛዋ እናት ወደ ቤቷ ከተመለሰች በኋላ ነው። መንፈራገጡም ቢሆን ከወሊድ በኋላ ሊመጣ ይችላል።

የረጅሙ ዘመን ጉዳይ ደግሞ ቆይቶ የታወቀ ነው። በአሜሪካ ሊዮን ቼስሊ የተባለ ተመራማሪ ኤክላምፕሲያ ይዟቸው የነበሩ ሴቶችን ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ተከታተለ። በመጀመሪያ እርግዝናቸው የታመሙት ኋላ የተለየ አደጋ አልደረሰባቸውም የሚል ውጤት ስላገኘ፣ «ከወለዱ አለፈ» የሚለው እምነት ጸንቶ ቆየ። ኋላ ግን የብዙ ሴቶች መዝገብ ሲመረመር ሌላ ነገር ታየ። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ የኖርዌይ ጥናት ከ600,000 በላይ ወሊዶችን ተመለከተ። በፕሪኤክላምፕሲያ ምክንያት ያለ ቀናቸው የወለዱ ሴቶች፣ ያለ ሕመም በቀናቸው ከወለዱት ይልቅ በልብና በደም ሥር በሽታ የመሞታቸው ዕድል ስምንት ጊዜ ያህል ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2007 ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለለ ሌላ ሥራ ደግሞ ፕሪኤክላምፕሲያ የያዛቸው ሴቶች ኋላ የደም ግፊት የመያዛቸው ዕድል ከሦስት እጥፍ በላይ፣ የልብ ሕመምና ስትሮክ ደግሞ ሁለት እጥፍ ያህል መሆኑን አሳየ። የአሜሪካ የልብ ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2011 ይህን የእርግዝና ሕመም ከልብ በሽታ አመልካቾች መካከል መዘገበው።

አንባቢ እዚህ ላይ እንዳይደነግጥ እንለምናለን። ሁለት እጥፍ ማለት ሁሏም ትታመማለች ማለት አይደለም። በወጣት ሴት ዘንድ የልብ ሕመም ዕድል ከመነሻው ትንሽ ነውና የትንሽ ሁለት እጥፍ አሁንም ትንሽ ነው። ዓመታት እየተጨመሩ ሲሄዱ ግን ልዩነቱ ያድጋል፤ ቀድሞ የታወቀ እንደሆነም ሊከላከሉት ይቻላል።

ሁለተኛ፤ የልብ ጡንቻ

የባልደረባችንን እህት ያገኛት ይህ ነው። በእርግዝና መጨረሻ ወይም ከወሊድ በኋላ ባሉት አምስት ወራት ያህል ውስጥ፣ ቀድሞ ጤነኛ የነበረ የልብ ጡንቻ ይላላል፤ ደሙንም በሚገባ መግፋት ያቅተዋል። ደም ወደ ኋላ ይከማችና ሳንባ ውኃ ይቋጥራል፤ እግርም ያብጣል። በእርግዝና ጊዜ የደም ግፊት የነበረባት፣ መንታ ያረገዘች፣ በዕድሜ የገፋች ወይም ብዙ የወለደች ሴት ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠች ናት።

ይህን ሕመም በአፍሪካ በስፋት ከገለጹት ሐኪሞች አንዱ ለአገራችን እንግዳ አልነበሩም። ፕሮፌሰር ኤልድሪድ ፓሪ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ገደማ አዲስ አበባ በነበረው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ያስተምሩ ነበር። ከዚያም ወደ ሰሜን ናይጄሪያ፣ ዛሪያ ወደምትባል ከተማ ሄዱ። በዚያም ከወሊድ በኋላ ልባቸው የደከመ ብዙ ሴቶች አጋጠሟቸው። የሐውሳ አራሶች በባህላቸው ለ40 ቀን ያህል በጣም በሞቀ ውኃ ይታጠባሉ፤ በተሞቀ የጭቃ መደብ ላይ ይተኛሉ፤ ከሐይቅ የሚወጣ ጨው የበዛበት አጥሚትም ይጠጣሉ። ፓሪና ባልደረባቸው ዴቪድሰን ሙቀቱና ጨው መብዛቱ ልብን እንደሚያስጨንቅ ጻፉ። ይህ ባህል በሌለባቸው አገሮችም ሕመሙ ስለሚገኝ ነገሩን ሁሉ በባህሉ ማሳበብ አይቻልም። ቢሆንም ለደከመ ልብ ጨው ሸክም እንደሚጨምርበት የተረጋገጠ ነው።

ለእኛም ትምህርቱ ይህ ነው። ገንፎውም፣ ቅቤውም፣ የሲዳማው ቡርሳሜም ለአራስ የሚቀርበው በፍቅር ነው፤ ይቅር አንልም። ነገር ግን በእኛ ዘንድ አራስ ስትወፍር «ተመችቷታል» ስለሚባል፣ የእብጠት ውፍረትና የምቾት ውፍረት ይምታቱብናል። በጣት ሲጫኑት ተሰርጉዶ የሚቀር እግር የምቾት ምልክት አይደለም። ተኝታ ትንፋሽ የሚያጥራት አራስም ብርድ አልመታትም።

ሦስተኛ፤ የልብ በሮች

በድሀ አገሮች የሚበዛ ሌላም መንገድ አለ፤ የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። በልጅነት የጉሮሮ ሕመም በሚገባ ሳይታከም ሲቀር፣ ሰውነት ጀርሙን ሊዋጋ ያዘጋጀው መከላከያ በራሱ ልብ ላይ ይዞራል፤ በጊዜ ብዛትም የልብን በሮች ያጠብባል ወይም ያላላል። ልጅቷ አድጋ፣ ተምራ፣ አግብታ ምንም ላይሰማት ይችላል። ስታረግዝ ግን ያ ሁሉ ደም በጠበበው በር አላልፍ ይላል፤ በሽታው መኖሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታወቀውም በዚያን ጊዜ ሊሆን ይችላል።

በአዲስ አበባ ዶክተር በላይ አበጋዝ የኢትዮጵያ ሕፃናት የልብ ሕሙማን መርጃን እ.ኤ.አ. በ1989 መሥርተው፣ በጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ የልብ ማዕከል እስኪከፈት ድረስ የደከሙት፣ ልባቸው የታመመ ሕፃናት በአገራቸው እንዲታከሙ ነበር። የዛሬዋ በሩማቲክ ሕመም የተያዘች ሕፃን የነገዋ ነፍሰ ጡር መሆኗን ካስታወስን፣ ለልጅ የሚሰጠው የፔኒሲሊን መርፌ ለእናትም ጭምር መሆኑን እንረዳለን።

ያልተቈጠሩት

እዚህ ላይ ስለ ቍጥር ጥቂት እንበል። በሲዳማ ክልል ቤት ለቤት ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት፣ በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ልጆች 419 እናቶች እንደሚሞቱ ገልጿል፤ እንደ አሮሬሳ ባለው ሩቅ ወረዳ ደግሞ ቍጥሩ ከዚህ እጅግ የበለጠ ነበር። ከገዳዮቹ ቀዳሚው ደም መፍሰስ ሲሆን፣ ኤክላምፕሲያም ከዋነኞቹ መካከል ነው።

ነገር ግን የእናቶች ሞት የሚባለው በዓለም አቀፍ ደንብ የሚቈጠረው እስከ 42ኛው ቀን ድረስ ነው። በአራተኛው ወር ልቧ ደክሞ የምትሞት እናት በዚህ ቍጥር ውስጥ አትገባም። ባህላችንም ቢሆን ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም፤ በኦርቶዶክሱ ልማድ ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ክርስትና ይነሣና እናቲቱ ከአራስነት ትወጣለች። ልብ ግን 40ውንም 42ቱንም 80ውንም አያውቅም። የዚያች እህታችን ሕመም የታወቀው ሦስት ወር ካለፈ በኋላ ነበር። ባትደረስባት ኖሮ ሞቷ በየትኛው መዝገብ ይጻፍ ነበር? በለቅሶው ላይ «ድንገት ነው፤ ብርድ ነው» ከመባል በቀር ምንም አይባልም ነበር።

አገራችን በወሊድ የሚመጣን ዘላቂ ጉዳት መታገልን አሳምራ ታውቃለች። በወይዘሮ ካትሪን ሐምሊንና በባለቤታቸው በሬጂናልድ ሐምሊን የተመሠረተው የአዲስ አበባ የፌስቱላ ሆስፒታል በዓለም የታወቀ ነው፤ ከሐዋሳ ብዙም ሳይርቅ በይርጋለም ቅርንጫፍ አለው። ፌስቱላ የሚታይና የሚሸትት ቁስል ስለሆነ በመጨረሻ ሰሚ አገኘ። የልብ ቁስል ግን አይታይም፤ አይሸትትምም። የሚታየው በመለኪያ ብቻ ነው።

ሕክምናው

ብዙ ሰው የልብ ሕክምና ሲባል ቀዶ ጥገናና የውጭ አገር ጉዞ ይመስለዋል። ለአብዛኞቹ እነዚህ ሴቶች ግን ነገሩ እንዲህ የራቀ አይደለም።

በእርግዝና ጊዜ መንፈራገጥን የሚከላከለው ማግኒዝየም ሰልፌት ርካሽ መድኃኒት ነው። ከ30 በሚበልጡ አገሮች 10,000 ያህል ሴቶች የተካፈሉበትና እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው ጥናት፣ የኤክላምፕሲያን አደጋ በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አረጋግጧል። በቀድሞ እርግዝናዋ ለታመመች ሴት ደግሞ በሚቀጥለው እርግዝና ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት አነስተኛ አስፕሪን በሐኪም ትእዛዝ ይሰጣታል፤ በምግቧ ካልሲየም ላነሳትም ካልሲየም ይጨመርላታል። ይህ ሊሆን የሚችለው ግን ያለፈውን እርግዝናዋን ታሪክ የሚጠይቅ ሰው ሲኖርና እርሷም ታሪኩን ስታውቀው ነው።

ከወለደች በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት እናት በመጀመሪያው ቀን፣ በሦስተኛው ቀን ገደማ፣ በሁለተኛው ሳምንት ውስጥና በስድስተኛው ሳምንት እንድትታይ ይመክራል። ግፊቷ ካልወረደ እንደ ኒፈዲፒንና ኤናላፕሪል ያሉት መድኃኒቶች እያጠባችም ሊሰጧት ይችላሉ። ኤናላፕሪል ግን በእርግዝና ጊዜ ጽንሱን ስለሚጎዳ ክልክል ነው። ስለዚህ ይህን ኪኒን የምትወስድ ሴት እንደገና ለማርገዝ ስታስብ አስቀድማ ለሐኪሟ መንገር አለባት። የጎረቤትን ኪኒን ተዋውሶ መዋጥም የማይገባው ስለዚህ ነው።

የልብ ጡንቻ የላላባት እንደሆነ በኤኮ፣ ማለትም በልብ አልትራሳውንድ ይታወቃል። በሳንባና በእግር የተቋጠረውን ውኃ የሚያሸና መድኃኒት፣ የልብን ሸክም የሚያቀሉ ኪኒኖች፣ ጨው መቀነስና ዕረፍት ይታዘዙላታል። ብዙዎቹ በወራት ውስጥ ይሻላቸዋል፤ አንዳንዶቹም ፈጽመው ይድናሉ። ልቡ ሳያገግም እንደገና ማርገዝ ግን ለሞት ሊያበቃ ይችላል።

በዚህ ላይ በቤት ውስጥ ክርክር ይነሣል። እኛም አይተነዋል። ዘመድ «አንድ ልጅ ልጅ ነው ወይ? ወንድም ይምጣለት እንጂ» ይላል። የባልደረባችን እህት ባል ግን ሐኪሙ ፊት አብሯት ቀርቦ ሁሉን በጆሮው ስለ ሰማ፣ ለእናቱ የመለሰው እርሱ ነው። «እማዬ፣ ልጁ ከወንድም ይልቅ እናት ያስፈልገዋል» አላቸው። ከዚያ ወዲህ ነገሩ አልተነሣም። ባልን ከሚስቱ ጋር ወደ ሐኪም ማስገባት ራሱ ሕክምና ነው ብንል አልተሳሳትንም። ለወሊድ መከላከያም ቢሆን የደም ግፊት ላለባት ሴት ኤስትሮጅን ያለበት ኪኒን አይመከርም፤ በክንድ የሚቀበረውና ሉፕ ግን ሊስማሟት ስለሚችሉ ባለሙያ መጠየቅ ይገባል።

ከዚያ በኋላ ያለው ጥበቃ የዕድሜ ልክ ነው። ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ የደም ግፊትን መለካት፣ ስኳርን መመርመር፣ ጨውን መቀነስ፣ በእግር መሄድ፣ ጫትንና ሲጋራን መተው ነው። ከእነዚህ ውስጥ ውጭ አገር የሚያስኬድ አንድም የለም።

የልጁ ካርድ

እንግዲህ ችግሩ የመድኃኒት እጦት ብቻ ካልሆነ፣ ዋናው ችግር የት ላይ ነው? እናቲቱ ለራሷ ብላ ወደ ጤና ጣቢያ አለመመለሷ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ከወለዱ በሁለት ቀን ውስጥ ምርመራ ያገኙት እናቶች ሲሶ ያህል ብቻ ነበሩ። ከቤንሳ ወይም ከአሮሬሳ ተራሮች፣ ጨቅላ አዝላ፣ መኪና ጠብቃ፣ «ምንም አላመመኝም፤ ደሜን ብቻ ለኩኝ» ብላ የምትመጣ እናት የለችም። ብትመጣም ዘመዶቿ ይታዘቧታል።

ለልጇ ሲሆን ግን ትመጣለች። በ45 ቀኑ ትመጣለች፤ ከዚያም በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት፣ በዘጠነኛው ወርና በ15ኛው ወር ለክትባት ትመላለሳለች። እነዚህን ቀኖች አስተውሉ። ልብ የሚደክምባቸው ወራትና ሕፃኑ የሚከተብባቸው ወራት አንድ ናቸው። እናቲቱ ከነርሷ ፊት ቆማለች፤ የደም ግፊት መለኪያውም ብዙ ጊዜ በዚያው ሕንፃ ውስጥ አለ። የጎደለው ነገር ቢኖር ሁለቱን የሚያገናኝ ልማድ ነው።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ልጅ በሚከተብበት ቀን የእናቱ ደም ይለካ፤ በእርግዝናዋ ጊዜ ምን እንደደረሰባት ትጠየቅ፤ ውጤቱም ይጻፍ። «ነርሶቹ በሰልፉ ብዛት ተጨንቀዋል» ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ በክትባት ቀን ያለውን ግፊያ አይተናል። ነገር ግን መለካቱ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ሁሉንም መለካት ባይቻል እንኳ በእርግዝናዋ የታመመችውን ለይቶ መለካት አያቅትም። አንዲት እናት በወራት በኋላ ሳንባዋ ውኃ ሞልቶ ወደ አዳሬ ወይም ወደ ዩኒቨርሲቲያችን ሆስፒታል በጥድፊያ ስትመጣ ግን የሚባክነው የብዙ ባለሙያ የብዙ ቀን ጉልበት ነው።

የእኛስ ድርሻ?

ወንድሞችና እህቶች፣ እኛ መለኪያም ሆነ ሥልጣን የለንም፤ ጆሮና አንደበት ግን አለን። ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንበተን እያንዳንዳችን የወለደች እህት፣ የአጎት ልጅ ወይም ጎረቤት እናገኛለን። እንደ ልማዱ ልጁን አቅፈን ከመሳም ጋር እናቲቱን ሦስት ነገር እንጠይቃት። በእርግዝናሽ ጊዜ ደምሽ ከፍ ብሎ ነበር ወይ? ከወለድሽ ወዲህ ተለክተሻል ወይ? ስትተኚ ትንፋሽ ያጥርሻል ወይ? ብለን እንጠይቅ። ታላቃችን ከሆነች በአክብሮት፣ እኩያችን ከሆነች በጨዋታ መልክ ይሁን፤ ብቻ እንጠይቅ።

ጽኑ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከጎድን በታች የሚሰማ ሕመም፣ እየጨመረ የሚሄድ የእግር እብጠት፣ ሌሊት አንቆ የሚያባንን ትንፋሽ ወይም መንፈራገጥ ካለ፣ ነገን ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም መውሰድ ነው። የሕክምና ተማሪ የሆናችሁ ጓደኞቻችን ደግሞ ነገ በክትባት ክፍሉ አጠገብ ስታልፉ፣ ልጁን ብቻ ሳይሆን ያቀፈችውንም እንድታዩ አደራ እንላለን።

በመጨረሻ አንድ ነገር እንጨምር። ባልደረባችን ባለፈው ዕረፍት ወደ ቤቱ በሄደ ጊዜ የእህቱን ልጅ የክትባት ካርድ አገላብጦ ነበር። ከላይ የሕፃኑ ስም፣ ክብደቱና የክትባቶቹ ቀን በየመስመራቸው ተሞልተዋል። ለእናት የተመደበ ቦታ ስላልነበረ ያቺ ነርስ የእናቲቱን የደም ግፊት በካርዱ ጠርዝ ላይ፣ በእስክሪብቶ፣ በጠባቡ ጽፋዋለች። እህቱ ካርዱን በፕላስቲክ ጠቅልላ ከመድኃኒቷ ጋር ታስቀምጠዋለች። የምንመኘውም ያ በጠርዝ ላይ የተጻፈ ቍጥር አንድ ቀን የራሱ መስመር እንዲኖረው ነው።